ነሐሴ ላይ፣ ሦስት ልጅ ይዘን፣ በባቡር ጅቡቲ?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። 36 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 13 ዓመቷ ሲሆን መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል ትገባለች። መካከለኛው 10፣ ትንሿ 7 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ቡና አቅራቢ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ።

የባለቤቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወጣት ሳሉ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርተዋል። ባለቤቴ ያደገው የባቡር ወሬ እየሰማ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ተሳፍሮ አያውቅም። ወንድሙ ከነቤተሰቡ ጅቡቲ ይኖራል። ዘንድሮ ዕቁብ ወጣልን። ባለቤቴ ወዲያው «ልጆቹን ይዘን በባቡር ጅቡቲ እንሄዳለን፣ ባሕር ያያሉ» አለ። ያለው ደግሞ በልጆቹ ፊት ነው። ወንዱ ልጄ በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ተናግሮ መጣ።

የመረጠው ነሐሴን ነው። ትምህርት ዝግ ነው፣ የቡናው ሥራ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰው ስለማይሄድበትም ሆቴሉ ርካሽ ነው ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ትንሿ ልጄ አስም አለባት፣ የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ያቃጥላል ይባላል። ኅዳር ላይ ሁለት ሳምንት አስፈቅደን ብንሄድስ ብዬ አሰብኩ። ታዲያ ኅዳር ለባለቤቴ የሥራ ወቅት ነው፣ ትልቋም ትምህርቷ ይጎዳባታል።

አማቴ ደግሞ «ሕፃን ይዞ ሰው አገር በረሃ ላይ መንከራተት ምን የሚሉት ነው» እያሉ ነው። እኔም አይሆንም ብለው ከእናቱ ጋር ያደምኩበት ይመስለዋል። ስለዚህ እስካሁን ፈገግ ብዬ ዝም ብያለሁ። እንዲቀርባቸው አልፈልግም። ግን እንዴት እንሂድ? እሱንስ ምን ልበለው?

የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ከጅማ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሙቀቱም ከባቡሩም በፊት ልቤ የቀረው «ፈገግ ብዬ ዝም ብያለሁ» ያልሽው ላይ ነው። ባልሽ ፈገግታሽን እሺታ አድርጎ ወስዶት ይሆናል። እስካሁን ለወንድሙ ደውሎ «ነሐሴ መጣን» ብሎት እንደሆነስ? ቀኑ በገፋ ቁጥር ቃልሽን ማውጣት እየከበደሽ ይሄዳል። ስለዚህ ንግግሩ ከዚህ ሳምንት አይለፍ። ምን እንደምትይው እመጣበታለሁ። በቅድሚያ ግን ፍርሃትሽን አንድ በአንድ እንየው፤ ባዶ እጅሽን እንዳትገቢ።

ሙቀቱን በተመለከተ ልክ ነሽ፣ አላጋነንሽም። ጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀን ቀን 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። በዚህ ላይ ካምሲን የሚሉት ከበረሃ የሚነሳ ትኩስ ነፋስ አለ፣ አቧራ ይዞ ነው የሚነፍሰው። ሌሊቱም ሰውነት አያሳርፍም። የጅማ ልጅ ነሐሴ ላይ ሹራብ ደርቦ፣ ዝናብ እያየ ነው የሚውለው። ከዚያ አንስቶ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ሙቀት ውስጥ ማስገባት ለጤነኛውም ከባድ ነው። አስም ላለባት የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ አቧራውም ሙቀቱም ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ነገሮች ናቸው። የአገሩ ሰው ራሱ አቅም ካለው በዚያ ወቅት አርታ ወደሚባለው ከፍታ ቦታ ይወጣል፣ ወይም ወደ እኛ ደጋ ይመጣል።

ሆቴሉ የሚረክሰውም ለዚሁ ነው። ባልሽ ስለ ዋጋው አልተሳሳተም። ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ዋጋ የሚያገኙት ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ አብራችሁ አስቡት። ጠዋት በማለዳ ትንሽ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ፀሐዩ እስኪወርድ ቤት ተዘግቶባቸው ኤሲ ሥር ይውላሉ። ወንዱ ልጅሽ ለጓደኞቹ ያወራው ይህን አይመስለኝም።

ሌላም አለ፣ አንቺ ያላነሳሽው። የምታርፉት ወንድሙ ቤት ከሆነ አምስት እንግዳ በነሐሴ ሙቀት መቀበል ለእነሱም ከባድ ነው። ኤሲው ቀንና ሌሊት ይሠራል። የመብራቱ ሂሳብ የሚመጣው እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። ወንድሙ ይህን አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ በእኛ ባህል እንግዳን እንዲህ የሚል ማን አለ? ሚስቱ ግን ታውቀዋለች። እስቲ አንቺ ራስሽ ደውይላት። «ነሐሴን እናንተስ እንዴት ነው የምታሳልፉት?» በያት። ሴት ለሴት ስትነጋገሩ ከባልሽ ስሌት ውስጥ የሌለ ብዙ ነገር ትሰሚያለሽ።

ወደ ኅዳር ሐሳብሽ ልምጣ። በአየሩ በኩል ጥሩ መርጠሻል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጅቡቲ ለስላሳው ወቅት ነው፣ ሙቀቱ ሠላሳ ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሁለቱ ትናንሾች የጥቂት ቀን ትምህርት ማካካስ ይቻላል፤ መምህራቸውን ብታናግሪ ይተባበሩሻል። ትልቋ ግን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ በዓመቱ መጨረሻ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃታል። በዚያ ላይ የ13 ዓመት ልጅ ከክፍል ቀርታ ስትመለስ ያለፈውን ደብተር መገልበጡ ብቻ አይደለም የሚከብዳት፤ ጭንቀቱም አለ። ለመሆኑ እሷን ጠይቀሻታል? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሳይጠየቅ ሲወሰንበት መኮረፉ አይቀርም። ባልሽም ቢሆን በኅዳር እሸት ቡና እየተለቀመ፣ ገንዘብ ወዲህና ወዲያ እየተንቀሳቀሰ ልቡ ጅማ ይቀራል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ባሕሩን ሳያየው ይመለሳል። እኔ ብሆን ኅዳርን እተወዋለሁ።

ከሁለታችሁ አንዳችሁም ያላነሳችሁት ጊዜ ግን አለ፤ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት። ጥር መጨረሻ፣ የካቲት መግቢያ አካባቢ ነው። የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልቋል፣ ትልቋ የሚያመልጣት ትምህርት የለም። አየሩ አሁን ያልኩሽ ለስላሳው ነው። የገናና የጥምቀት ግርግር ስላለፈ በእኛ በኩል የመንገደኛው ብዛት ጋብ ይላል፤ ሰው የማይበዛበት ጊዜ ለፈለገው ባልሽ ይህም ቁም ነገር ነው። የቡናውም ትልቁ ሩጫ ያኔ ይበርዳል። የጀንፈሉ ግዢ እንደሚቀጥል አውቃለሁ፣ ግን ለአሥር ቀን መጋዘኑን የሚይዝለት የሚያምነው ሰው ይኖረው ይሆን? ይህን አንቺ ልትመልሺለት አትችዪም፣ ጠይቂው።

ጥር ደግሞ የራሱ ችግር አለው፣ አልደብቅሽም። አንደኛ፣ ዕረፍቱ አጭር ነው፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤትም ይለያያል። ሁለተኛ፣ ለጅቡቲ የእንግዳ ወቅት ስለሆነ ሆቴሉ ከነሐሴ ይወደዳል። አገሩ ሲጀመርም ውድ ነው። ፍራንካቸው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ ለዓመታት አልተነቃነቀም። የእኛ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር ምን ያህል እንደወረደ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በጅቡቲ የምታድሩትን ሌሊት አሳጥሩ፣ ሦስት ሌሊት ይበቃል። ሦስተኛ፣ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን በየካቲት አካባቢ እየገባ ነው። አብዛኛው ሰው ሙስሊም በሆነበት ከተማ በጾም ቀን ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ልጅ ለያዘ ሰው ከባድ ስለሆነ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያውን እዩ።

አሁን መንገዱን እንየው፤ ፍርሃትሽ ግማሹ የማታውቂው መንገድ ስለሆነ ይመስለኛል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን ያዙለት። ስለ መንገዱ በዚያው ሳምንት የሄደ ሰው ጠይቁ፣ በቀን ብቻ ተጓዙ። ደስ የሚለው ነገር ባቡሩ የሚነሳበት የፉሪ-ለቡ ጣቢያ ከተማዋን ሳታቋርጡ የምትደርሱበት መሆኑ ነው። የጅማ መንገድ በሰበታና በዓለም ገና አድርጎ ነው የሚገባው፣ ለቡም በዚያው በኩል ነው። ጀሞ ወይም ለቡ አካባቢ እደሩ። ባቡሩ በጠዋት ነው የሚነሳው፤ ፒያሳ ዘመድ ቤት አድራችሁ በሌሊት ልጅ እየቀሰቀሳችሁ ታክሲ ፍለጋ እንዳትሯሯጡ።

ባቡሩ ወንበር ብቻ ያለውም ባለአልጋም ፉርጎ አለው። ባለአልጋው ስድስት አልጋ ያለው ክፍልና አራት አልጋ ያለው ክፍል ተብሎ ይከፈላል። አምስት ስለሆናችሁ ስድስቱ ይስማማችኋል። ትንሿን ከታች፣ ሁለቱን ትልልቆች ከላይ። የሚነሳበትን ቀንና የሚደርስበትን ቦታ ግን ሰው በነገራችሁ ወሬ አትወስኑ፤ ፕሮግራሙ ይለዋወጣል። የሰው ባቡር በየቀኑ ላይነሳ ይችላል፣ ድንበር የሚሻገረውም ለብቻው መጠየቅ አለበት። ትኬት ቢሮ ደውላችሁ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ልካችሁ አረጋግጡ። መንገድ ላይ ግመል ወይም ከብት ሐዲዱ ላይ ገብቶ ባቡሩ ሊዘገይ ይችላል። በደረሳችሁበት ማታ ቀጠሮ አትያዙ፣ ምግብና ውኃ ከሚበቃው በላይ ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን በቂ ነው። የልጅሽ የሚነፋው መድኃኒት ከእጅሽ ቦርሳ አይውጣ፤ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከሌላ ሰው ዕቃ ሥር እንዳይቀበር።

እኔ ብሆን ጅቡቲ በአንድ ትንፋሽ አልሄድም። ድሬዳዋ ላይ ወርጄ ሁለት ሌሊት አድራለሁ። ለምን መሰለሽ? አያታቸው የሠሩበት ከተማ ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ራሷ በባቡሩ ምክንያት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ፤ አሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ግን ከተማው መሀል አለ። ባልሽ ልጆቹን አሮጌው ጣቢያ በር ላይ አቁሞ «አባቴ እዚህ ነበር የሚሠራው» ሲላቸው ይታይሽ። ይህ ለእሱ ከባሕሩ የሚያንስ አይመስለኝም። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ጥላ ጥላ መንገድ በእግራችሁ ተዟዟሩበት። ትንሿም አንድ ቀን ዐርፋ፣ ቆላውን ለምዳ ትቀጥላለች። ልጅቷ ካልተመቻት ወይም ድንበር ማዶ የሚሻገር ባቡር ከሌለ ጉዟችሁ እዚያ ላይ ቢያበቃም የረባ ጉዞ ነው። ሐረርም ቅርብ ነው፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው።

ለልጆቹ ሥራ ስጧቸው። ወንዱ የጣቢያዎቹን ስም በደብተር ጽፎ እያለፉ ምልክት ያድርግ፤ አዳማ፣ መተሐራ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ፣ አዲጋላ፣ ደወሌ፣ ከድንበር ማዶ አሊ ሳቢህ፣ መጨረሻ ናጋድ። መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ይፈልግ። ትልቋ የገንዘብ ደብተሩን ትያዝ፣ ብሩን ወደ ፍራንክ እሷ ታስላ። የተወሰነላት ሳይሆን የምትመራ ሆና እንድትሄድ ነው። እዚያ ስትደርሱ አንድ ቀን ለባሕሩ፣ ከቻላችሁ አንድ ቀን ለአሳል ሐይቅ። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር የወረደ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው መሬት ነው፣ ዳሩ ነጭ ጨው ነው። መኪናውን ወንድሙ ከሚያውቀው ሾፌር ጋር ዋጋ ቆርጣችሁ ያዙ።

ወረቀቱ ነው ጊዜ የሚፈጀው። ባልሽ የወደደው ነሐሴ ለዚህ ይሁን፣ ልጆቹ ቤት ናቸውና። ለሦስቱም የየራሳቸው ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ የልደት ሰርተፍኬት። ስማቸው በሁሉም ወረቀት ላይ በፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን አንቺ ተቀምጠሽ አመሳክሪ፤ ብዙ ሰው የሚመላለሰው በዚህ ነው። ለልጅ ፓስፖርት የወላጆች ፈቃድ ስለሚጠየቅ ሁለታችሁም ቅረቡ። ቪዛውን አዲስ አበባ ያለው የጅቡቲ ኤምባሲ ምን እንደሚል ሳትሰሙ ትኬት አትግዙ። የቢጫ ወባ ክትባትም አለ። ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን በፊት መከተብ አለባችሁ፣ ቢጫ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። የዚያኑ ዕለት የትንሿን ሐኪም ስለ ጉዞው አማክሪው፣ ትርፍ መድኃኒትም አጽፊ። መደበኛው ወባም ድሬዳዋም ጅቡቲም ስላለ አጎበርና የትንኝ ቅባት አይቅር። ወንድሙ ቤት ባዶ እጃችሁን አትገቡም መቼም፤ ቅቤ፣ ማር፣ የጅማ ቡና ያዙ። ቡናውን ግን ለስጦታ የሚሆን ብቻ፣ በብዛት ይዞ መውጣት አይፈቀድም።

አሁን ወደ ባልሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አማትሽ በሌሉበት፣ ቡና አፍልተሽ ቁጭ በሉ። «አይሆንም» ብለሽ አትጀምሪ። በመጀመሪያ ስለ አባቱ ጠይቂው። የባቡሩን ወሬ ለአንቺ ሙሉውን ነግሮሽ ያውቃል? ምኑን ነው ለልጆቹ ማሳየት የሚፈልገው? ይህን ጉዞ ያሰበው ሆቴል ስለረከሰ አይመስለኝም። ነሐሴ የመጣው ምናልባት ሌላ ጊዜ የሚኖር ስላልመሰለው ነው። አውርቶ ሲጨርስ እንዲህ በዪው፦ «መሄዱን እኔም እፈልጋለሁ። የልጅቷ ትንፋሽ ግን ያስፈራኛል። ጥር ላይ ብናደርገውስ? ወረቀቱን ከአሁኑ እንጀምር።» የፈራሽው አንቺ ራስሽ መሆንሽን ከአፍሽ ይስማ። የእናቱን ስም አታንሺ። ቀን ይዘሽ ስትቀርቢ ጉዞውን ለማስቀረት እንዳልሆነ ያየዋል።

ሰምቶ «ነሐሴ ካልሆነ ጭራሽ ይቅር» ቢልስ? ተናዶ ሊሆን ይችላል፣ በልጆቹ ፊት የሰጠው ቃል ነው። ያኔ ነሐሴን ሙሉ በሙሉ አትንጠቂው። በባቡር እስከ ድሬዳዋ ሄዳችሁ፣ ቀሪውን ጊዜ ሐረር ብታሳልፉ ልጆቹ ባቡሩን ያገኛሉ፣ ባሕሩ ለሌላ ዓመት ይቆያል። ለትንሿ ድሬዳዋም ቢሆን ይሞቃታልና እዚያ ከአንድ ሌሊት በላይ አትቆዩ። እኔ ለጥር ወር አደላለሁ፣ ግን ይህም መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት፣ አባታቸው ይንገር። «ቀረ» ሳይሆን «ጥር ሆነ» ይበላቸው፣ ቀኑንም ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ወንዱ ልጅሽ ሁለት ቀን ያኮርፍ ይሆናል። ፓስፖርት ፎቶ ሊነሳ ሲሄድ ይረሳዋል።

አማትሽን በተመለከተ፣ በረሃው ያስፈራቸዋል ብለሽ ብቻ አትለፊያቸው። ባላቸው የሠሩበትን ከተማ እሳቸውስ አይተውት ያውቃሉ? እስከ ድሬዳዋ አብረው ቢሄዱ ስድስተኛው አልጋ ባዶ ነው። ቢፈልጉ እዚያ ዘመድ ጋር ይቆዩና ስትመለሱ ትወስዷቸዋላችሁ። ሐሳቡን ግን አንቺ አታንሺው፣ ልጃቸው ይጠይቃቸው። እምቢ ካሉም ጉዞው ለእሳቸው ሲባል አይቆምም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ነገር አድርጊ። ትምህርት ቤቱ የመንፈቀ ዓመቱን ዕረፍት ከስንት እስከ ስንት እንደሚሰጥ ጠይቂ። ቀኑን ካላወጡ ያለፈውን ዓመት ይንገሩሽ፣ ለዕቅድ ይበቃል። ከዚያ ወደ ጅቡቲ ደውዪ፤ ለባልሽ ወንድም ሳይሆን ለሚስቱ።